ቡሬ ለምን አልመጣ አለ

በከሚሴ ከተማ ውሻ ይዞ የሚንሸራሸር ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ከተማው ራሱ ነው የሚያወራው። የባጃጅ ልጆች ሲያልፉ «መምህር፣ ማን ነው ማንን ይዞ የሚሄደው?» ይሉኛል። እኔ መልስ አልሰጥም። ሰላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ ያስተማረ ሰው ለባጃጅ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም።

ጀይሉ እባላለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የውሻው ነገር የመጣው ከስኳር በሽታዬ ነው። ሐኪሙ «በቀን አንድ ሰዓት ካልተራመዱ እግርዎን ይሰናበቱታል» ሲለኝ ደንግጬ መራመድ ጀመርሁ። በሦስተኛው ቀን ሰለቸኝ። ጓደኛ እንዳልይዝ፣ እኩዮቼ ትንሽ ሄድ ሲሉ ወንበር ፍለጋ ነው። ምሬቴን የሰማች ጎረቤቴ ዕፀገነት አንድ ቀን ቡችላ በካርቶን ይዛ መጣች። ዕፀገነት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። «ጋሼ፣ ይኸው ጓደኛ። ወሬ አያበዛም፤ ጨፋ ሜዳ ያለችውን ማሽላዎንም ይጠብቅልዎታል» አለችኝ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ስለነበር ቡሬ አልሁት።

ሚስቴ ረቢአ ካርቶኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጀይሉ፣ የግቢ ውሻ ከሆነ እሺ። እግሩ ደፉን የረገጠ ቀን ግን እኔ ወደ ወንድሞቼ ነኝ» አለች። ልክ ናት። እኛ ዘንድ ውሻ ለጥበቃ ይያዛል እንጂ አይታቀፍም። ምራቁ የነካውን ነገር ለሶላት ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ ነው። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ የቆርቆሮ ቤት ሠራሁለት። ረቢአም ያ ሁሉ ዛቻ ቀርቶ ጠዋት ጠዋት «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለች በኦሮምኛ ትጠራውና ፍርፋሪ ትጥልለት ጀመር።

መንገዳችን አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ አሱር ሰግጄ እወጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ፀሐዩ አናት ይበሳል። አስፋልቱን በአንድ እጄ ከዘራዬን፣ በሌላው ቡሬን በገመድ ይዤ እሻገራለሁ፤ የደሴ ከባድ መኪና ለሰውም ለውሻም አያዝንም። ከቤቶቹ ስንወጣ ገመዱን እፈታለታለሁ፤ በእርሻው መካከል እስከ ቦርከና ወንዝ ወርደን ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ሶላት እንመለሳለን። ልንመለስ ስንል «ና ቡሬ» እለዋለሁ፤ እየተንደረደረ መጥቶ ጫማዬ ላይ ይወድቃል። እኔም ለዕፀገነት «እንዲህ ያለ ቃል የሚያከብር ፍጡር አይቼ አላውቅም፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጣል» እያልሁ ጉራዬን እነዛ ነበር።

ስምንት ወር ሲሞላው አልመጣ አለ።

የመጀመሪያውን ቀን አስታውሰዋለሁ። ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ተከፍቶ ነበር። «ና ቡሬ» አልሁት። ቀና አለ። አየኝ። ወላሂ ያስባል፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ መንገዱን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ያሸተው የነበረውን የአይጥ ጉድጓድ ማሽተቱን ቀጠለ። ደግሜ ጠራሁት። ጅራቱን አንድ ጊዜ ወዘወዘልኝ። ሰላምታ መሆኑ ነው። ያን ቀን መግሪብን ከጀመዓው ጋር አልደረስሁም፤ ቡሬን ለመያዝ ግማሽ ሰዓት በታጨደው ማሽላ ቆረን ላይ ስሯሯጥ ስኳሬ ወረደ። ስድቤን አልደግመውም።

በማግስቱም ያው። በሳምንቱም ያው። አንዳንዴ ጨልሞ ብቻዬን እገባና እሱ ከኋላዬ አስፋልቱን ብቻውን ተሻግሮ ይመጣል፤ የመኪና ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እወጣለሁ። ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነበር። ከባዱ የመጣው ፍየሎቹ ላይ ነው።

ቦርከና ዳር ፍየል የሚያግድ ሙሀመድአሚን የሚባል ሰው አለ። ዕድሜው ወደ አርባ አራት ይሆናል፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። አንድ ቀን ቡሬ መንጋውን አየና ጆሮውን አቆመ። «ና» አልሁት። «ና ብዬሃለሁ።» ሄደ። ለጨዋታ ነው የሄደው፤ አልነከሰም፤ ግን ፍየል ጨዋታ መሆኑን በምን ታውቃለች? መንጋው ወደ ረግረጉ ገባ፣ አንዲት እርጉዝ ፍየል እግሯ ተሰብሮ ታረደች። ሙሀመድአሚን አልጮኸብኝም። ቢላዋውን እየጠረገ ብቻ አየኝ፤ ያ ከጩኸት ይከፋል።

ፍየሏን በፍየል ተካሁለት። ውሻው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጨፋ ላይ ፍየል ማባረር የለመደ ውሻ አይቆይም፤ የቆየ ልማድ ነው፣ ጨካኝ ነው አልልም። የሰፈሩን ነገር የሚያስታርቁት ሸህ ሙህዲን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ሜዳው ላይ ተቀመጡና ሁለታችንንም ሰሙን። እኔ «ዕድሜ ልኩን አስረዋለሁ» አልሁ። «ገመድ ይበጠሳል፣ በር ይረሳል» አሉኝ። «የሚጠቅመው መመለሱ ነው። ሦስት ጁምዓ ሰጥተንሃል። በሦስተኛው፣ ከአሱር በኋላ፣ እዚሁ ይዘኸው ትመጣለህ። ገመዱን ትፈታለታለህ፤ ፍየሎቹ በፊቱ ያልፋሉ፤ አንተ ትጠራዋለህ። ከመጣ ያንተ ነው። ካልመጣ ለሙሀመድአሚን ትተወዋለህ።»

መተው ማለት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሙሀመድአሚን ከባድ ዱላ ይይዛል።

ቤት ስገባ ለረቢአ ነገርኋት። ቡሬን ከበሩ ቆማ ረጅም ሰዓት አየችው። ከዚያ «እንግዲህ ሳይንስ አስተማሪ አይደለህ? ፈልግ» አለችኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዛሁና ከላዩ «ቡሬ ለምን አልመጣ አለ» ብዬ ጻፍሁ። እውነቱን ለመናገር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የውሻው ነፍስ በእጄ ነው፣ እሱ ያስጨንቀኛል፤ ግን ጥያቄ አግኝቻለሁ። ጥያቄ የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ካርታ ይጫወታል።

መጀመሪያ ጆሮውን ጠረጠርሁ። ከኋላው ሆኜ የረቢአን የምግብ ሳህን በማንኪያ መታሁ፤ ከግቢው ጥግ እንደ ጥይት መጣ። ጆሮው ደህና ነው ብዬ ጻፍሁ። ቀጥሎ ቋንቋ ጠረጠርሁ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የምታበላው ረቢአ ናት፣ የምታበላውም በኦሮምኛ ነው። ምናልባት አማርኛዬን ንቆት ይሆናል አልሁ። ሜዳ ላይ «ኮቱ ቡሬ» አልሁት። ቀና አለና መጣ። ደስታዬ ሳያልቅ ከእኔ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ።

ቆሞ አየኝ። አንድ እግሩን አንሥቷል። ወደፊት ስሄድ ወደኋላ ሄደ። ወደኋላ ስሄድ ወደፊት መጣ። እንደዚያ ስንደንስ አንድ ባለ ጋሪ ቆሞ ሲያየን ነበር።

በማግስቱ በአማርኛ ጠራሁት፤ መጣና አሥር እርምጃ ላይ ቆመ። በፉጨት ጠራሁት፤ አሥር እርምጃ። የሥጋ ቁራጭ ይዤ ጠራሁት፤ አሥር እርምጃ ላይ ምራቁ እየተንጠባጠበ ቆመ፤ ብወረውርለት በልቶ እዚያው ቆመ። በእርምጃ ለካሁት፤ አንዳንዴ ዘጠኝ ይሆናል፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ። እስካሁን አይሰማም፣ እምቢተኛ ነው ስል የነበረው ሁሉ ስሕተት ነበር። ይሰማል። ይመጣል። ከእኔ አሥር እርምጃ ላይ አንድ የሚያስቆመው ነገር አለ። ምን?

የቆመበት ቦታ ሄጄ መሬቱን አየሁት። ትስቁ ይሆናል። ጎንበስ ብዬ አፈሩን አሸተትሁት፤ እባብ ጉድጓድ እንዳለ ፈለግሁ። ቡሬም መጥቶ አብሮኝ አሸተተ፤ ያኔ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ልይዘው ቀና ስል ሄደ።

አንደኛው ጁምዓ እንደዚህ አለፈ።

ዕፀገነትን ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ጎርምሷል» አለችኝ። «ቡችላ ሳለ ከእግርዎ ሥር ሌላ ዓለም አያውቅም ነበር። አሁን ሽታው ሁሉ ይጠራዋል። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቹ እንዲህ ይሆናሉ፤ ያልፋል። እስከዚያው ረጅም ገመድ ያስሩለት። ደግሞ ሊታሰር ሲል ብቻ አይጥሩት፤ ጠርተው፣ አመስግነው፣ መልሰው ይልቀቁት። ሁልጊዜ ና ሲባል ጨዋታ የሚያበቃበት ከሆነ እኔስ ብሆን ለምን እመጣለሁ?»

ይህን ጻፍሁ። ጥሩ ነጥብ ነው፣ ላስበው የማልችለው አልነበረም፣ ግን አላሰብሁትም። ከዚያ እሷው በአጥሩ በኩል «ቡሬ» ብላ ብትጠራው ሄዶ ደረቷ ላይ ወጣ። አሥር እርምጃ የለ፣ ምን የለ። ፊቷን ላሳት።

«ሃይማኖት ቀየረብኝ እንዴ?» አልኋት።

«ጾም ይዣለሁ ጋሼ፤ ከእኔ ዘንድ ሥጋ የለም። እስኪ ምን ብሎ ይቀይራል?» አለችኝ እየሳቀች።

ቀለድሁ እንጂ አንጀቴ አረረ። ቅናት ነው፤ ምን ብዬ እሸፋፍነዋለሁ። ስምንት ወር ያሳደግሁት እኔ፣ በፀሐይ የተንከራተትሁለት እኔ፣ ደረት ላይ የሚወጣው ሰው ቤት። ረጅም ገመዱን አሰርሁለት፤ እየሳብሁ ማምጣት ቻልሁ፤ ግን አሥር እርምጃ ላይ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ እንደ አህያ ይገተራል። የሚጎተት ውሻ መጣ አይባልም። ሸህ ሙህዲን ያለ ገመድ ነው ያሉት። ሁለተኛው ጁምዓ ሲያልፍ ደብተሬ አሥራ ሁለት ገጽ ሞልቷል፣ መልስ ግን የለም። ማታ ማታ የቆርቆሮውን ቤት ሳይ የሙሀመድአሚን ዱላ እየመጣ ያስጨንቀኝ ጀመር።

መልሱ የመጣው ከሚስቴ ስልክ ነው። ደሴ የምትማረው ልጃችን የእኔንና የቡሬን ወሬ ሰምታ «አንድ ቪዲዮ ላኩልኝ፣ ልሳቅበት» አለቻት። ረቢአ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራን ወጣች፤ ከኋላዬ ሆና ቀረጸችን። እኔ ጠራሁ፣ ቡሬ መጣ፣ አሥር እርምጃ ላይ ቆመ። «ጨረስህ? አሁን ና እየው፤ እንዴት እንደምታስቅ» አለችኝ። ፀሐዩን በነጠላዋ ከልላ ስልኩን ሰጠችኝ።

አየሁት። አንድ ሽማግሌ ሜዳ ላይ ቆሟል። ድምፁ «ና ቡሬ፣ ና የኔ ጌታ» ይላል፣ ማር የተቀባ ነው። ቀኝ እጁ ደግሞ ከዘራውን ቀስ አድርጎ ከመሬት ያነሣል። ውሻው በቀረበ ቁጥር ከዘራው ከፍ ይላል። ውሻው ቆመ። ከዘራው ወረደ።

«ይህ ማን ነው?» አልኋት።

«እንዴ፣ አንተ ነሃ።»

«እጄን ነው የምልሽ። እጄ ምን እያደረገ ነው?»

ረቢአም ደግማ አየችው። «እኔ ሁልጊዜ እንደዚህ የምታደርግ ነው የመሰለኝ» አለች። «እንዳይነካህ አይደል የምትከላከለው? ሶላት አለብህ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እንደዚያ ነበር ነገሩ። ለአሱር ሶላት ታጥቤ፣ ዉዱእ አድርጌ፣ እወጣለሁ፤ ያንኑ ዉዱእ ይዤ መግሪብ ልሰግድ ነው። ቡሬ ቡችላ ሳለ ከጫማዬ በላይ አይደርስም፤ ጫማ ይወልቃል። ሲያድግ ወገቤ ጋ ደረሰ፤ ደስ ብሎት ሲዘል ምራቁ ልብሴ ላይ ሊያርፍ ሆነ። ለመግሪብ ሩብ ሰዓት ሲቀር ማን ልብስ ሰባት ጊዜ ያጥባል? እጄ ራሱ መፍትሔ አገኘ። እኔን ሳያማክር። በአፌ ና እለዋለሁ፣ በእጄ እንዳትመጣ እለዋለሁ፤ አንድ ሁለቴም አፍንጫውን ነክቼው ይሆናል። እሱም ሁለቱንም ትእዛዝ አክብሮ መሐል ላይ ቆመ። ከዘራው ሲነሣ የሚያይበትን፣ ሲዘረጋ ግን ፈጽሞ የማይደርስበትን ቦታ ለክቶ ነው የቆመው። ለዚያውም ጨዋታው የሚያበቃበት ጥሪ ላይ። ከእኔ የተሻለ ሳይንቲስት ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ ነበር አባቴ። እኔ አፈር ሳሸት ነበር።

ስድስት ቀን ነበረኝ። ከዘራዬን ቤት ተውሁ። ለእግር ጉዞ ብቻ የሚሆን አሮጌ ሱሪና ሸሚዝ ለየሁ፤ ንጹሑን ልብስ ረቢአ በሩ ላይ አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች፤ ቶሎ ታጥቤ፣ ቀይሬ፣ ዉዱእ አድርጌ እደርሳለሁ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። የከበደው እጄ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ እጠራዋለሁ፤ አሥር እርምጃ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ትንሽ ሲቀርብ ባዶ እጄ ብድግ ይላል፤ እሱም ይሸሻል። በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጄን መቀመጫዬ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁበት። ስምንት እርምጃ ደረሰ። ሲቀርብ ሥጋ እወረውርለትና «ሂድ ተጫወት» እለዋለሁ። ግራ ይገባዋል። ሄዶ ተመልሶ ያየኛል። በአምስተኛው ቀን አራት እርምጃ። በስድስተኛው ቀን ሳልጠራው ከጎኔ መጥቶ አፍንጫውን ብብቴ ሥር አስገባ።

ያን ጊዜ አለቀስሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ስኳሩም ሊሆን ይችላል። አፍንጫው እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ይዤው ስዞር ገመድ ከማሰርና ከመፍታት በቀር አንድም ቀን በእጄ አልዳሰስሁትም ነበር። ከጆሮው ኋላ ያለው ፀጉር ከሌላው ይለሰልሳል። ይህንንም ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ ገጽ አሥራ ሰባት።

ሦስተኛው ጁምዓ መጣ። ከአሱር በኋላ ሜዳው ላይ ሸህ ሙህዲንና ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወሬ የሰማ ሁሉ መጥቷል፤ ከሚሴ ቴያትር ቤት የላትም። ረቢአና ዕፀገነት ጎን ለጎን ቆመዋል። ሙሀመድአሚን ከመንጋው ኋላ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ገመዱን አጥብቄ ይዣለሁ። ቡሬ ሰው በሌለበት ነው የለመደው፤ ያን ያህል ሰውና ያን ያህል ፍየል በአንድ ላይ አይቶ አያውቅም።

«ፍታው» አሉ ሸህ ሙህዲን።

ፈታሁት። ፍየሎቹ አለፉ። አንዲት ግልገል ዘለለች፤ የቡሬ ጆሮ ቆመ፤ ሄደ። ሙሀመድአሚን ዱላውን ከትከሻው አወረደ። እኔ የጁምዓ ጀለቢያዬን እንደለበስሁ በሰው ሁሉ ፊት አፈር ላይ ተቀመጥሁ። «ና ቡሬ» አልሁት። አልጮኽሁም። ድምፄ ራሱ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ቡሬ በፍየሎቹና በእኔ መካከል ቆመ። ግልገሏን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ዞረና ወደ እኔ መሮጥ ጀመረ፤ ሮጦ ሮጦ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆመ። አንድ እግሩን አነሣ። ከሰዉ ውስጥ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። ቀኝ እጄን ከፈትሁና መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ጭኔ ላይ አሳረፍሁት፤ እንዲታየው። ቡሬ እጄን አየው። ረጅም ሰዓት አየው። ከዚያ መጣ፤ ቀስ ብሎ አይደለም፣ ሙሉ ክብደቱን ይዞ መጥቶ ደረቴ ላይ ወጣና ጺሜን ላሰኝ። ጀለቢያዬ ያበቃለት ያኔ ነው። ሰዉ ሳቀ፣ ረቢአ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፣ እኔ ግድ አልነበረኝም።

«መጣ» አሉ ሸህ ሙህዲን። «አልሐምዱሊላህ። ጉዳዩ አለቀ።»

«አላለቀም ሸህ» አለ ሙሀመድአሚን።

የሳቀው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሙሀመድአሚን ወደ እኛ መጣ፤ ቡሬን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየው። «ዛሬ ከዘራ አልያዙም» አለ። «ነገ ሰው ሲበተን ይይዛሉ። ውሻው ደግሞ ይሸሻል፣ ፍየሎቼም ያልቃሉ። እኔ ይህን እጅ አውቀዋለሁ።»

ተናደድሁ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ እንዲህ ይባላል? «ከየት ነው የምታውቀው?» አልሁት።

«አምስተኛ ለ» አለኝ።

አላወቅሁትም። አምስተኛ ለን ሳስተምር አዲስ መምህር ነበርሁ፤ በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ ነበር።

«የአበባ ክፍሎች ሰሌዳው ላይ ተሥለው ነበር» አለ። «ስማቸውን እንድጽፍ ጠሩኝ። ና የኔ ልጅ፣ አይዞህ ና አሉኝ። ድምፅዎ ደግ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ቤታችን ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛው ገና አይገባኝም ነበር፤ ሰሌዳው ጋ ስደርስ ምን እንደሚጻፍ ጠፋኝና ቆምሁ። አርጩሜው ከጀርባዎ ወጣ።» ዱላውን መሬት ላይ አቆመ። «በማግስቱ መጣሁ። እስከ በሩ መጣሁ፣ አልገባሁም። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ክፍሉን ሳየው ዋልሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደዚያ አደረግሁ። ከዚያ አባቴ ፍየሎቹን ሰጠኝ።»

እኔ ቡሬ ጭኔ ላይ ተኝቶ ስም መዝገቡን ማስታወስ ያዝሁ። ፊቱን አላስታወስሁም፣ ልጁንም አላስታወስሁም፤ የማስታውሰው ደንቡን ነው። አምስት ቀን የቀረ ልጅ ስሙ ይሰረዛል። በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጌ እሰርዝ ነበር፤ ዳይሬክተሩ መዝገቤ ንጹሕ ነው ብሎ ያመሰግነኝ ነበር። ስለ አንድ ውሻ ለምን አልመጣ አለ ብዬ አሥራ ሰባት ገጽ ጻፍሁ፤ አፈር አሸተትሁ፣ እጄ ላይ ተቀመጥሁ። ስለዚህ ልጅ አንድ መስመር አሰመርሁ። አፍሬ የምገባበት አጣሁ።

«አፉ በለኝ» አልሁት።

ሸህ ሙህዲን ጣልቃ ሊገቡ ነበር፤ ተዉት። ሙሀመድአሚን ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ቡሬ ዘረጋ፤ ቡሬ አሸተተው፣ ምንም አላለውም።

«ውሻው ይሂድ ሸህ» አለ። «እሱ ምን አጠፋ።»

ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ ሰዉ መበተን ጀመረ። ሙሀመድአሚን ፍየሎቹን ሊነዳ ዞረ። እኔ እንግዲህ የማልሻሻል ሰው ነኝ፤ ጥያቄ ከያዘኝ አይለቀኝም። ተነሥቼ ተከተልሁት። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አልሁት። «ያኔ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ለምን ቀረህ ብዬህ ቢሆን ኖሮ፣ ምን ትለኝ ነበር?»

ቆሞ አሰበ።

«ምንም አልልዎትም ነበር፣ መምህር» አለኝ። «እመጣ ነበር።»